በኦቦ ሙሜ ጫት ውስጥ የተገኘው ክንፋም

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ላይ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ካፖርቱን ገለጥ ሲያደርግ ሽታ ወጣ፤ እርጥብ ቅጠል፣ የኮባ መጠቅለያ፣ በመሃሉ ደግሞ ትንሽ የወንዝ ዳር ጭቃ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ግን ተጠጋሁት። ጫቱን ልለምነው መሰለው መሰለኝ፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ወረደ። እኔም መውረጃዬን አሳልፌ ሁለት ፌርማታ ሄድኩ። ለካ ጭሮ ነበርኩ።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ስነግራት ሳቀች። «በአሥራ ስምንት ዓመትሽ ትዝታ ከጀመርሽ ለእርጅናሽ ምን ልታስቀሪ ነው?» አለችኝ። ትሳቅ። ከጭሮ ከወጣን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው፤ ሦስት ዓመት ለእሷ ትናንት ነው፣ ለእኔ ግን የዕድሜዬ አንድ ስድስተኛ ነው፣ አስልቼዋለሁ። ከዚያ በፊት የነበረው ዕድሜዬ ደግሞ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ ሙሉውን እዚያ ነው ያለቀው። አባዬ በጤና ጣቢያው የላብራቶሪ ባለሙያ ሆኖ ተመድቦ ሲሄድ እኔ ገና እጄን ተይዤ የምሄድ ልጅ ነበርኩ አሉ። መንገዱ ላይ ቦርደዴ ስንደርስ ሙቀቱ አስለቅሶኝ ነበር ይላሉ፣ ያንን አላስታውስም። የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ነው።

የእኔ ጭሮ የሚጀምረው ከመናኸሪያው በታች ካለችው መታጠፊያ ነው። እዚያ አንዲት ሴትዮ ሳምቡሳ ትጠብስ ነበር፣ አንዱን በሁለት ብር። ውስጡ ምስር ብቻ ነው፣ ግን ዳጣውን ጠብ ስታደርግበት ዓይን ያስለቅሳል። ዋጋውን ሦስት ብር ያደረገችው ጊዜ የክፍላችን ልጆች በሙሉ «ለአንድ ሳምንት አንገዛም!» ብለን አደምንባት፤ በሁለተኛው ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ተደብቄ ልገዛ ስሄድ ከፊቴ ስድስት የክፍሌ ልጆች ተሰልፈው አገኘሁ። ከእሷ ጎን ዘይቱን በባልዲ የሚሸጡ ልጃገረዶች ነበሩ። ሴቶቹ ነፋስ የሚገባበት ሽቲ ቀሚስ ለብሰው፣ ወንዶቹ ሽርጥ አገልድመው በዚያች መታጠፊያ ያልፋሉ። ባጃጆቹ ደግሞ ዘርፍ ያለው መጋረጃ አንጠልጥለው የኦሮምኛ ዘፈን እስከ ጣሪያው ይከፍታሉ። አንዱን ዘፈን ትርጉሙን ሳላውቅ በቃሌ ይዤ ቤት ውስጥ ስዘፍነው ከረምኩ። በኋላ ጓደኛዬ ኢፍቱ ምን ማለት እንደሆነ ስትነግረኝ አባዬ ፊት መዝፈን አቆምኩ። ትልልቆቹ ሰዎች ከተማውን አሰበ ተፈሪ ይሉታል፣ እኛ ጭሮ እንላለን፣ የአውቶቡስ ረዳቶች ግን ማንም ተሳፋሪ እንዳይቀርባቸው ሁለቱንም አያይዘው ይጠሩታል። ደብረ ብርሃን ጥሩ ከተማ ነው፣ አልከፋም። ብቻ እዚህ ሰው ሹራቡን ቆልፎ ነው የሚሄደው፣ ዘይቱንም በኪሎ ነው የሚሸጠው፣ በባልዲ አይደለም።

ኢፍቱን ያገኘኋት ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ነው። እስከ ስምንተኛ ድረስ በአማርኛ የምንማረውና በኦሮምኛ የሚማሩት በአንድ ግቢ ውስጥ ሆነን ለየብቻ ነበርን፤ ዘጠነኛ ላይ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲሆን ቀላቀሉን። ሁላችንም እኩል የማይገባን ስለሆነ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወዳጅ ሆንን። እሷ ከተማው ውስጥ አልነበረም ቤቷ። ወደ ኩኒ በሚወጣው መንገድ ባጃጅ እስኪያቅተው ድረስ ተሂዶ፣ ከዚያ በእግር ሽቅብ ተወጥቶ፣ ጥድና ወይራ ካለበት ጫካ ሥር ነው። ሁልጊዜ ሰማያዊ ሻሽ ታስራለች፤ ጫማዋ ላይ ሁልጊዜ ቀይ አፈር አለ፤ ሒሳብ ላይ ማንም አይደርስባትም። እኔ አማርኛዋን አርምላታለሁ፣ እሷ ሒሳቤን ታርምልኛለች። በዚህ ንግድ የከሰረችው እሷ ነበረች፣ አማርኛዋ ከሒሳቤ ይሻል ነበርና።

አንድ ሰኞ የክብሪት ቀፎ ይዛ መጣች። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ ጠረጴዛ ሥር ይዛው ነበር። «ቤዛ፣ ኮቱ፣ ነይ፣ ይሄን እዪልኝ» ብላ በትንሹ ከፈተችው። ውስጡ ክንፍ ያለው ቡናማ ነገር ተኝቷል። መጠኑ የጣት ጫፍ ያህላል። ክንፎቹን ዘርግቶ ሳይሆን እንደ ቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ሁለት ወገን አውርዶ ጀርባው ላይ ከድኗቸዋል። ከራሱ ላይ ሁለት ክር ወጥተው ከሰውነቱ ይረዝማሉ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ከኋላችን የተቀመጡት ወንዶች ወዲያው ተንጠራሩ።

«አንበጣ ነው!»

«አንበጣ እንዲህ ነው? ምስጥ ነው እንጂ። ዝናብ ሲዘንብ ክንፍ ያወጣል።»

«ብል ነው፣ ብል! የኢፍቱ ሹራብ ውስጥ ነው የወጣው።»

«የአንተ ጭንቅላት ውስጥ ነው የወጣው» አለችው ኢፍቱ፣ ግን እንደወትሮዋ አልሳቀችም። በዕረፍት ሰዓት ነው የነገረችኝ። ክንፋሙ የተገኘው በአባቷ ጫት ውስጥ ነው። የሚረከባቸው ደላላ እስሩን ሲፈታ ሦስት አራት ሆነው ዱብ ዱብ አሉበት፤ «ትል ያለበት ጫት ለማን ነው የምሸጠው?» ብሎ ጭነቱን እንዳለ መለሰው። አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሁለቴ። አባቷ ኦቦ ሙሜ ደግሞ ቅዳሜ ሙሉውን ማሳ መድኃኒት ሊረጨው ወስኗል።

«ጥሩ ነዋ፣ ይርጨውና ይለቅ» አልኳት።

«አታውቂም አንቺ። አባቴ የተረጨ ጫት ለሰው አይሸጥም። ረጭቶ ሳምንታት ይጠብቃል። ያን ጊዜ ሁሉ የሚለቀም የለም ማለት ነው። ቦኬ ከተማ ሱቅ ያላት አክስቴ ደግሞ ልጅቷን ላኩልኝ፣ እጅ አጥቻለሁ ስትል ዓመት ሆናት። አባቴ እምቢ ሲላት ነበር። ትናንት ግን እምቢ አላለም። ዝም አለ።»

ቦኬ መሄድ ማለት ከትምህርት መውጣት ማለት ነበር። አክስቷ ክፉ ሆና አይደለም፤ ሱቁ ገበያ ላይ ነው፣ የገበያ ቀን ደግሞ ትምህርት ቤት አይጠብቅም። አንድ ዓመት ብለው የሄዱ ልጆችን ኢፍቱ ታውቃለች፣ ስማቸውን ጠራችልኝ። አንዳቸውም አልተመለሱም። ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ይህ ክንፋም ከጫቱ የመጣ ከሆነ ኢፍቱ ትሄዳለች። ከሌላ ቦታ የመጣ ከሆነ ደግሞ እስከ ቅዳሜ ድረስ ከየት እንደሆነ ማሳየት አለብን።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ወደ አባዬ ላብራቶሪ ሄድን። አባዬ ዳቦውን እየበላ ነበር። ቀፎውን ከፍቶ አየና «ይሄ እንኳን ደንበኛዬ አይደለም» አለ። «ካርድ አውጥቷል?»

«አባዬ ቀልዱን ተው!»

«እሺ። እኛ የማናውቀው ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የምንጽፈው ምን እንዳልሆነ ነው። በሉ ጻፉ።»

ደብተሬ እስከ ዛሬ አለ፣ በኢፍቱ እጅ ጽሑፍ። አንበጣ አይደለም፤ የሚዘልበት ወፍራም እግር የለውም። ምስጥ አይደለም፤ ክንፉን ብንጎትተው አይረግፍም። የእሳት እራት መስሎን ነበር፣ ግን አባዬ «ክንፉን በጣትሽ እሺው» አለኝ። አሸሁት። የእሳት እራት ቢሆን ጣቴ ላይ ዱቄት ይቀር ነበር፣ ምንም አልቀረም። ከዚያ በማይክሮስኮፑ አየነው። ክንፉ ላይ ያለው ዱቄት አይደለም፣ ፀጉር ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ወደ አንድ ወገን የተበጠረ ፀጉር። ኢፍቱ ዓይኗን ከመነጽሩ ላይ አንስታ «ሱብሃነላህ» አለችና መልሳ አስገባች። ተራዬን እስካገኝ ደወል ሊደወል ደርሶ ነበር።

«አሁን አፉን ፈልጉ» አለ አባዬ።

ፈለግን። የሚነክስ፣ የሚቆርጥ ነገር የለውም።

«እንግዲህ ይሄ ቅጠል በልቶ አያውቅም» አለ አባዬ። «ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። እኔ በሽተኛ ሲመጣ ምን ሆንክ ከማለቴ በፊት ከየት መጣህ ነው የምለው። ቆላ ወርዶ ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ እዚሁ ከዋለ ሌላ። እናንተም ከየት መጣ በሉ።»

ኔትወርክ የሚገባው በመስኮቱ በኩል ብቻ ስለነበር ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀምጠን ስለ ፀጉራም ክንፍ ጠየቅን። ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች እየተንጠባጠበ መጣ። መጀመሪያ ሁለቱ ክሮች፣ ከዚያ ጣሪያ የመሰለው ክንፍ። እሱው ነው! ከጎኑ ትሪኮፕቴራ የሚል ስም ነበረው፤ አባዬ ትርጉሙ ራሱ ፀጉራም ክንፍ ማለት ነው ብሎ ተደሰተ። ከሥሩ ግን ሌላ ሥዕል መጣ፦ ከጥቃቅን ጠጠር በተሠራ ቱቦ ውስጥ ያለ ትል፣ ራሱን ብቻ አውጥቶ ውሃ ውስጥ የሚሄድ። ልጅነቱ ነው ይላል። ይህን ጊዜ ኢፍቱ ጮኸች፣ በር ላይ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ዞሩ።

«ይሄንንማ አውቀዋለሁ! ራሞ ቢሻኒ ነው! የውሃ ትል! ለጋው ውስጥ ሞልቷል፣ ጄሪካን ውስጥ እየገባ እናቴ ስትረግመው ነው ያደግኩት!»

ለጋ ወንዝ ማለት ነው። ወንዙ ስም አልነበረውም፣ ለኢፍቱ ቤተሰብ ለጋው ብቻ ነው። ረቡዕ ከትምህርት ቤት መልስ ሄድን። አሁን ስለዚያ ቦታ ስጽፍ እጄ ፍጥነት ያንሰዋል፣ ቶሎ ማለፍ አልፈልግም። ባጃጁ አንድ ቦታ ላይ ያቃስትና «በቃ፣ እዚህ ነው» ይላል ሾፌሩ። ከዚያ በማሽላ ማሳ መሃል፣ ከዚያ በጫቱ ጥግ፣ ከዚያ ድንገት ብርሃኑ አረንጓዴ ይሆናል። ጥዶቹ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። ውሃው ከላይ ከጫካው ይወጣና በጥቁር ድንጋዮች መሃል እየተንኳኳ ይወርዳል። ቅዝቃዜው ጣት ያደነዝዛል። ጎንበስ ብዬ አንድ ድንጋይ ስገለብጥ ከሥሩ ስንዴ የሚያህሉ የጠጠር ቱቦዎች ተደርድረዋል። ጠጠሮቹ ግንበኛ የመረጣቸው ይመስላሉ፣ ትልቁ ከትልቁ፣ ትንሹ ከትንሹ። አንዳንዶቹ ራሳቸውን አውጥተው ይሄዳሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሁለቱንም በራቸውን ዘግተው ድንጋዩ ላይ ተጣብቀዋል።

ቀና ስል አንድ ሾላ ሥር፣ ከውሃው ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ፣ በኮባ የተጠቀለሉ የጫት እስሮች ተደርድረው አየሁ።

«ይሄ ለምን እዚህ ተቀመጠ?»

«እንዳይጠወልግ ነዋ። ድሮ ጠዋት ተለቅሞ ወዲያው ይጫን ነበር። ይሄ የመንገዱ ነገር ከመጣ ወዲህ ቀን መሄድ ስለሚያሰጋ አይሱዙው ሳይነጋ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከሰዓት እንለቅማለን፣ እዚህ ጥላና ውሃ አለ፣ እዚህ ያድራል።»

«ክንፋሙስ መምጣት የጀመረው መቼ ነው?»

ኢፍቱ በጣቷ ቆጠረች። ሒሳብ ላይ እንዲህ ስትዘገይ አይቻት አላውቅም። «ቤዛ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ያኔ ነው።»

ሮጠን ለኦቦ ሙሜ ነገርነው። ኦቦ ሙሜ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙ በሂና የቀላ ሰው ነበር። አማርኛው ላይ ወንድና ሴት፣ ትልቅና ትንሽ አይለይም፤ እኔንም አባዬንም «አንተ» ነበር የሚለን። እኔ ግን እርስዎ ብዬ ነው የምጠራው። የነገርነውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ መጨረሻ ላይ ጢሙን ዳሰሰና ሳቀ።

«ክንፍ ያለው ነገር ከውሃ ይወጣል? ዓሣ ነው?»

«ስልኩ ላይ አይተነዋል፣ ኦቦ።»

«ስልክ ሁሉ ነገር ያውቃል፣ ጫት ግን ተክሎ አያውቅም። አንተ የላብራቶሪ ልጅ፣ ጎበዝ ነህ። ቅዳሜ ግን እረጫለሁ።» ከዚያ ኢፍቱን አየና ፊቱን አዞረ። ጨካኝ አልነበረም። ስትሄድበት ማየት የማይፈልግ ሰው መሆኑ ያስታውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው ያላያት።

ሥዕል ካላመነ ራሱን ክንፋሙን ከጠጠሩ ሲወጣ እናሳየዋለን አልን። ሳይመሽ በባጃጅ ቤት ደርሼ የእማዬን ሁለቱንም ማጥለያዎች ይዤ ተመለስኩ፣ የሻዩንና የወተቱን። በራቸውን የዘጉትን ቱቦዎች ከድንጋዩ በጥፍራችን እያላቀቅን አንዱ ውስጥ አደረግን፣ ሌላውን ከላይ ደፋንበት፣ ዙሪያውን በክር ሰፋነው። ውሃው እንዲያልፍበት፣ ክንፋሙ ግን እንዳያመልጥ። የሾላው ሥር ላይ አስረን ፏፏ በሚልበት ቦታ አሰጠምነው። በዚያ ሳምንት ቤታችን ሻይ ከነቅጠሉ ይጠጣ ነበር። እማዬ መጀመሪያ እኔን ጠየቀች፣ ከዚያ አባዬን፣ ከዚያ ጎረቤት። አባዬ ከብርጭቆው ላይ ቅጠል እየለቀመ በጎን አየኝ።

ሐሙስ ኢፍቱ ክፍል ስትገባ ራሷን ነቀነቀች። ምንም የለም። ዓርብ ጠዋትም ነቀነቀች። ዓርብ ከሰዓት አብረን ስንሄድ ኦቦ ሙሜ ከጁምዓ ተመልሶ የመርጫውን ጋን እያጠበ ነበር። እየሮጥን ወደ ለጋው ወረድን። ክሩ ተበጥሷል። ማጥለያ የለም።

ኢፍቱ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ የጫማዋን አፈር መፋቅ ጀመረች። «በቃ፣ ደብተሮቼን አንቺ ውሰጃቸው» አለችኝ። «የሒሳቡን እንኳን ይጠቅምሻል።» «የሒሳቡን ብቻ?» አልኳት። ሳቅ አልመጣላትም።

ወደ ቤት ስንወጣ እናቷ አደ ፋጡማ በር ላይ ቆማ ሁለቱን ማጥለያዎች በአመድ እየፈተገች ነው! አብለጭልጫቸዋለች።

«እንዲህ ያለ ዕቃ ማን ነው ውሃ ውስጥ የጣለ? ምን ዓይነት ልጆች ናችሁ?»

«እማ! ውስጡ ያለውስ? የት ደፋሽው?»

«ራሞ ቢሻኒ ነዋ ያለው። ደፋሁት። አንዱ ግን…» ቆመች። እጇን እያየች አወራች፣ ነገሩ አሁንም እዚያ ያለ ይመስል። «አንዱ ጠጠሩን ቀዶ ወጣ። እርጥብ ነበር። እጄ ላይ ወጣና እዚህ፣ አውራ ጣቴ ላይ ቆመ። ቆዳውን አወለቀ። ከዚያ ክንፍ አወጣ፣ ወላሂ፣ በዓይኔ! እንደ ጣሪያ ከደነው። እንትኑ ነው፣ ጫታችን ውስጥ ያለው።»

ኦቦ ሙሜ ጋኑን አስቀመጠ። «ሃዳ ኢፍቱ፣» አላት በኦሮምኛ፣ «ዱጋዳ?» የኢፍቱ እናት፣ እውነት ነው ወይ? ማለቱ ነው።

«እኔ ስልክ ነኝ የምዋሽህ?» አለችው።

እኛ ሦስት ቀን የለፋንበትን አደ ፋጡማ ዕቃ ስታጥብ አየችው። አሁን ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ያን ጊዜ ግን ትንሽ ቅናት ይዞኝ ነበር፣ አልዋሽም። ኦቦ ሙሜ ወደ ጫቱ ሄደ። ከዚያ አንድ ነገር አደረገ፤ እኛ ያላሰብነውን እሱ አሰበው። በዚያ ቀን ከተለቀመው ጫት ሁለት እስር ለየ፣ ከአንድ መደብ ላይ የተለቀመ፣ በአንድ ኮባ የተጠቀለለ። አንዱን እንደወትሮው ሾላው ሥር አስቀመጠው። ሌላውን ቤት ወስዶ እርጥብ ጆንያ አልብሶ ምሰሶ ላይ ሰቀለው። «ከጫቱ ከሆነ ሁለቱም ላይ አለ» አለ። «ከውሃው ከሆነ አንዱ ላይ። ጠዋት አባትህን ይዘህ ና።»

ቅዳሜ ጠዋት አባዬና እኔ የመጀመሪያውን ባጃጅ ይዘን ወጣን። አባዬ ጫማውን ጤዛ አበሰበሰው። ኦቦ ሙሜ ሁለቱን እስር ምንጣፍ ላይ አስቀምጦ ሳይፈታ እየጠበቀን ነበር። የመርጫው ጋን ተሞልቶ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ኢፍቱ ከእናቷ ኋላ ቆማ የሻሿን ጫፍ ትነክሳለች።

«እንደምን አደሩ፣ ኦቦ ሙሜ?» አለ አባዬ።

«አልሐምዱሊላህ። አንተ ተቀመጥ፣ ሐኪም።» አባዬ ሐኪም አይደለም፣ ግን ማረም ትቶ ቆይቷል።

መጀመሪያ የቤቱን ፈታ። ቅጠል በቅጠል ነው የፈታው፣ እንደ ሰው ልብስ። ምንም የለም። አንድ ጉንዳን ብቻ። የወንዙን ሲፈታ ገና ኮባው ሲገለጥ አንዱ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ሄደ። ኦቦ ሙሜ በጣቱ እየነካ በኦሮምኛ ቆጠረ፤ ቶኮ፣ ላማ፣ ሰዲ፣ አፉር። አራት። ከዚያ አንዱን አንስቶ ፀሐይ ላይ ያዘውና ክንፉን አየ። እኛ በማይክሮስኮፕ ያየነውን ፀጉር ያየ ይመስል ለረጅም ጊዜ አየው።

«ጥላ ፈልጎ ነው የገባው» አለ በመጨረሻ። «እኔ ለጫቴ የመረጥኩትን ቦታ እሱም መረጠው። ምን አጠፋ?» አውጥቶ ወደ ሾላው ለቀቀው። ከዚያ ወደ ኢፍቱ ዞረና፣ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን እያየ፣ «ቦኬ የምትሄደው ለዒድ አክስትሽን ልትጠይቂ ነው። ሰኞ ትምህርት ቤት» አላት። በአማርኛ ነው ያለው፣ እኛም እንድንሰማ፣ በትክክል «አንቺ» ብሎ። ኢፍቱ ወደ ጓሮ ሮጠች። አደ ፋጡማ ለአባዬና ለእኔ ሆጃ በወተት አመጣችልን፤ ያንን ሆጃ እዚህ ማንም አያውቀውም፣ የቡና ቅጠል ይፈላል ስላቸው ይስቁብኛል።

ከሰኞ ጀምሮ ጫቱ ቤት አደረ። ደላላው እስሩን ፈትቶ፣ አንቀርቅቦ፣ ምንም ሳይል ጫነው። መድኃኒቱን ኦቦ ሙሜ ለገዛበት ሱቅ መለሰው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት ለጋው ጋ ነበርኩ። ከኢፍቱ ጋር ድንጋይ እየገለበጥን ስንት ዓይነት ቤት እንዳለ እንቆጥር ነበር፤ ከጠጠር የሠራ አለ፣ ከጭራሮ የሠራ አለ፣ አንዱ ሰነፍ ደግሞ የማሽላ ገለባ ውስጥ ዝም ብሎ ገብቶ አገኘነው። ኦቦ ሙሜ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ስለ ክንፋሙ ያስተምር ነበር፣ ራሱ እንዳገኘው አድርጎ። አሰቦት ገዳምን ተሳልሞ የሚመለስ የእናቴ ዘመድ ሊጠይቀን ሲመጣ እንኳን ይዘነው ሄደን ነበር፤ ሰውዬው በታላቅ አክብሮት ጎንበስ ብሎ ውሃውን አይቶ «እና ይሄ ይበላል?» ብሎ ጠየቀ።

የክረምቱ ዝናብ ሊገባ ሲል አባዬ በየዓመቱ የሚሞላው የዝውውር ፎርም መልስ መጣ። ተፈቅዷል። ወደ አገሩ፣ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ወላጆቹ አቅራቢያ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ አለን። እማዬ አለቀሰች፣ በደስታ። አባዬ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ለሁለት ቀን አላወጣውም። እኔ ለኢፍቱ የነገርኳት ለጋው ዳር ነው። «የፈረመው ሰውዬ የት ነው ያለው? አባቴን ይዤ ልሂድና ላናግረው» አለች። የምሯን ነበር። በሳምንቱ መልቀቂያዬን ከትምህርት ቤት አወጣሁ፣ የመጨረሻው ፈተና ሊጀመር ሲል።

የሄድንበት ቀን ሰኞ ነበር። ኦቦ ሙሜ መናኸሪያ ድረስ መጣ፣ ሸሚዙን ቆልፎ፣ አንድ ባልዲ ዘይቱን ይዞ። ባልዲውን ጭምር ሰጠን። ለአባዬ «አንተ የእኔን ልጅ አስቀረህልኝ፣ የራስህን ይዘህ ትሄዳለህ። ይሄ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» አለው። አባዬ እጁን ጨበጠው።

ኢፍቱ አልመጣችም። በዚያ ሰዓት የሒሳብ ፈተና ነበራት። ከአንድ ቀን በፊት «ብቀርስ? በኋላ ይፈትኑኛል» ብላኝ ነበር። «ብትቀሪ እስከ ዕለተ ሞቴ አላናግርሽም» አልኳት። እንዲህ ስላት ግን በሆዴ ትመጣለች እያልኩ ነበር። አውቶቡሱ ሞተሩን እስኪያስነሳ ድረስ ወደ መታጠፊያዋ እያየሁ ነበር፣ ሰማያዊ ነገር ባየሁ ቁጥር ግማሽ እየተነሳሁ።

ዋናው መንገድ በትምህርት ቤቱ አጥር ጎን ነው የሚያልፈው። የእኛን ክፍል መስኮት አውቀዋለሁ፣ ከዳር ሦስተኛው። አውቶቡሱ ለአህዮች ብሎ ቀስ አለ። ሻሿን አየሁት። አቀርቅራ ነበር፣ እስክሪብቶዋ ይሄዳል፣ አያቆምም፤ ሁሉም ጥያቄ እንደመጣላት ከትከሻዋ ያስታውቃል። መስታወቱን አንኳኩቼ ልጣራ እጄን አነሳሁ። ቀና ብትል ታየኝ ነበር።

እጄን መልሼ አወረድኩት። ቀና አላለችም። እሰይ አልኩ፣ እውነቴን ነው፣ እሰይ አልኩ፤ ከዚያ እስከ ሚኤሶ ድረስ አለቀስኩ።